ቁጭ ብሎ ማደር ሥራ አይደለምን?

«ዘበኛ ምን ሥራ አለው? ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው» ሲባል ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ተናጋሪው መቼም ክፉ ሰው አይደለም። ብርድ ሲበረታ አሮጌ ካፖርቱን ለዘበኛው የሚሰጠውም እሱው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራን በላብ ብቻ የሚለካው ሒሳቡ ነው።

ለመሆኑ ሰው ለአሠሪው የሚሸጠው ምኑን ነው? ጉልበቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ተቀምጦ የሚያድር ሰው ብዙም አልሸጠም ባልን ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ ከልጆቹ ጋር ራት መብላት አይችልም፤ እንቅልፍ ሲመጣበት መተኛት አይችልም። በሩ ባይንኳኳም ጆሮው በሩ ላይ ነው። ሌባ ሳይመጣ የነጋ እንደሆነ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው፤ እኛ ግን ምንም እንዳልተሠራ እንቆጥረዋለን።

በዚህ ነገር ሕጋችን ከልማዳችን ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ከሥራ ሰዓት ይቆጥረዋል። መደበኛው ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው በ1.75 ይባዛል። (ይህን ማባዣ በደመወዙ ላይ ያየ ዘበኛ ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።) በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረውን ግን ይኸው አዋጅ ከወሰኑ ውጪ አድርጎ ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል።

የምኖርበትን ሕንፃ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ 24 ሰዓት ሠርተው 24 ሰዓት ያርፋሉ። በሳምንት ሲሰላ በአማካይ 84 ሰዓት መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው በ35 በመቶ ይጨምራል።

«ማረፊያው ቀን ረጅም ነው፤ አይጠቅምም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ግማሹ በእንቅልፍ ያልቃል ልጄ፤ ግማሹ ነገ እገባለሁ በማለት። ልጆቹ ሲንጫጩ እቆጣለሁ። ድሮ ቁጡ አልነበርኩም» አሉኝ።

«ታዲያ ማን አስገደዳቸው? ተስማምተው አይደለም ወይ የገቡት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ተስማምተዋል። ይሁንና የሚሸጥ ሌላ ነገር የሌለው ሰው እንቅልፉን ለመሸጥ መስማማቱ የገዢውን ጥያቄ አይመልስለትም። እኔ በሰላም የምተኛው ሌላው ስለማይተኛልኝ ከሆነ፣ የእንቅልፌ ዋጋ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ የእኔ ፈንታ ነው።

በ8 ሰዓት ፈረቃ ለመሥራት አንድ በር ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ የሳምንት ዕረፍት ሲታሰብ አራተኛም ያሻል። የሁለቱ ደመወዝ ለአራት ይከፈል የሚል ካለ ረሃቡን ማከፋፈሉ ነው። ስለዚህ መዋጮው ከነዋሪው ኪስ ይወጣል፤ ከእኔም ጭምር። በሕንፃችን ስብሰባ ሐሳቡ ሲነሣ የካሜራ ዋጋ ያነሱ ነበሩ።