የሕፃን መዳፍና መታሰቢያው

ልጅ ያድጋል፤ የወላጅ ልብ ግን የልጁን ማደግ እየለመነ ማደጉን ይፈራል። ጧትና ማታ «አሳድግልኝ» እያለ የሚጸልይ ሰው፥ ልጁ በሙሉ እጁ አንዲት ጣቱን ብቻ ይጨብጥበት የነበረውን ወራት ባሰበ ጊዜ ያዝናል። በወሎ ቤት ሲመረግ፥ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ፥ ሕፃን ሮጦ መጥቶ መዳፉን ያሳርፍበታል። እናትም ትቆጣለች፤ ነገር ግን ያን ስፍራ መልሳ ለመለሰን እጅዋ አይታዘዝላትም። በደሴ ብርድና ጉም የሚዘገየው ምርጊት፥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሙቀት በሚበልጥበት በኮምቦልቻ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ዘገየም ፈጠነ ግን በደረቀ ጊዜ የዚያች ቀን መዳፍ በዚያው ይቀራል።

በከተማ የሚኖር ሰው ይህንኑ ነገር አስቦበት በጀሶ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የልጅን መዳፍ ምስል ማስቀረት ልጁን መውደድ ነውን? ወይስ የሚያልፈውን ጊዜ አታልፍም ብሎ መከልከል ነው?

አስቀድሞ የጀሶን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ጀሶ ከድንጋይ የሚገኝ ነው፤ ድንጋዩም በአገራችን በዓባይ ሸለቆ፥ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል አለ። በ150 ዲግሪ ያህል ሙቀት በተጠበሰ ጊዜ በውስጡ ካለው ውኃ ከአራት እጅ ሦስቱን ያጣል፤ ተፈጭቶም ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ውኃ ባገኘ ጊዜ ያጣውን መልሶ ይጠጣና በጥቂት ደቂቃ እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። ሲጠጥር ግን ይሞቃል፤ ብዛት ያለው እንደ ሆነ ሙቀቱ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ እጆችዋን በጀሶ ውስጥ አግብታ ጀሶው ስለ ጠጠረባት፥ በቃጠሎው ምክንያት አብዛኞቹን ጣቶችዋን አጣች። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የሕፃን እጅ በጀሶ ውስጥ አያገባም። መዳፉን በለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ አሳርፎ ያነሣና፥ እጁ በተወው ጐድጓዳ ስፍራ ጀሶውን ያፈስበታል። በዚህም ነገር ምሥጢር አለበት፤ ምስሉ የሚገኘው እጁ ከተነሣ በኋላ ነው። አልለቅም ያለ ሰው ግን ምስሉን ሲሻ እጁን ያጠፋል።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉት ምሳሌ ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈሳል። በጀሶው ሥራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ሕያው ወርቅ የሆነው እጅ አስቀድሞ መጥቶ ይሄዳል፥ በስፍራው የሚፈሰው ዱቄትና ውኃ ነው። እንግዲህ ሰሙ የትኛው፥ ወርቁም የትኛው እንደ ሆነ መሳት አይገባም። በግድግዳ የተሰቀለውን የሦስት ዓመት መዳፍ እያየ የሚያለቅስ፥ በፊቱ ቆሞ የሚናገረውን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ግን የማይሰማ አባት፥ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎታል።

ይህም ፍርድ በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሕዝብ ቤቱን እየተወ ተሰደደ፤ የደሴ ሙዚየም እንኳ ሳይቀር ተዘረፈ። በእንዲህ ያለ ቀን ከቤት የሚወጣ ሰው የልጁን እጅ ይይዛል እንጂ የእጁን ምስል አይፈልግም።

ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ልጁ የሞተበትስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ለእርሱ የቀረችው ያች ምስል ብቻ ናትና፥ ጣላት ማለት ጭካኔ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መታሰቢያን አትከለክልም፤ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር አገናኝታ ታስተምራለች እንጂ። ኢያሱ ወልደ ነዌ ከዮርዳኖስ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያስነሣው፥ ልጆች ባዩ ጊዜ እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲናገሩ ነው። መታሰቢያ ነገርን የሚያስነሣና ሥራን የሚያሠራ ሲሆን ሕያው ነው፤ ዝም ባለ ጊዜ ግን ድንጋይ ብቻ ነው። ልጅዋን የቀበረች እናት ያችን መዳፍ አይታ የሙት ልጅ እጅ የያዘች እንደ ሆነ፥ ጀሶው ሥራውን ፈጸመ።

ሰው የልጁን መዳፍ የሚቀርጸው መርሳትን ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ በ49ኛው ምዕራፍ፥ እናት እንኳ ልትረሳ እንደምትችል፥ እግዚአብሔር ግን እንደማይረሳ፥ ጽዮንንም በእጁ መዳፍ እንደ ቀረጻት ይነገራል። አባትም ልጁም በማይረሳው ዘንድ የታሰቡ ከሆኑ፥ ጊዜን በጀሶ አስሮ የመያዝ ጭንቀት ይቀላል።

ስለዚህ ምስሉን መሥራት ነውር የለበትም፤ የሚፈተነው አያያዙ ነው። ልጁ ባደገ ጊዜ አባቱ ያወርድለትና እጁን በምስሉ ላይ ያሳርፍ። መዳፉ ከምስሉ አልፎ፥ ጣቶቹም ተርፈው በታዩ ጊዜ፥ አባት ስላለፈው ዘመን ማዘኑን ትቶ ያመስግን። «አሳድግልኝ» ያለው ጸሎት እንደ ተሰማ የጠበበው ምስል ምስክር ነውና።