ስለ ዝሆኔ ደዌና ስለ ሰዎች ፍርድ



በሰኮሩና በዙሪያዋ ባለው የቡና አገር፥ እስከ ጅማም ድረስ፥ እግሩ ያበጠ ቆዳውም እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ ሰው በገበያም በመንገድም ይገኛል። ሕዝቡ ይህን ደዌ ዝሆኔ ይለዋል። ሲጀምር የእግርን ጣቶች ያሳክካል፥ የእግርንም መርገጫ ያቃጥላል። ቀጥሎ እብጠቱ ወደ ባት ይወጣል፤ ቆዳውም ይደነድናል፥ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር ያወጣል፥ ፈሳሽም ይወርደዋል። በየጊዜውም እግሩ እንደ እሳት ይግላል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ በሽተኛውም ብዙ ቀን ተኝቶ ይሰነብታል። ይህ በቡና ለቀማ ወራት የመጣበት ሰው የዓመት እንጀራውን አጣ ማለት ነው።

ነገር ግን ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው የጎረቤት ጥያቄ ነው። አንዱ የሞተ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ጠላት በደጁ ድግምት ቀብሮበት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም የአባቱ ኃጢአት ደርሶበት ነው ብሎ ይፈርዳል። እናቷ ይህ ደዌ ያለባት ልጃገረድ በታጨች ጊዜ የልጁ ወገኖች ዘር ይቆጥራሉ፥ እጮኝነቱም ይፈርሳል። በጸሎት ቤት እንኳ በእንደዚህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ የሚጠየፉ አሉ። እርሱም ይህን አይቶ በእሑድ ቀን ከቤቱ መውጣትን ይተዋል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፥ ኃጢአቱ የእርሱ ነውን ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው። ከዚህም በኋላ በጭቃ ዓይኑን ቀብቶ እንዲታጠብ ሰደደው። ጠያቂዎቹ ስለ በደል ሲመራመሩ እርሱ ሥራ ጀመረ። ኢዮብም ከእግሩ ጫማ እስከ አናቱ በቍስል በተመታ ጊዜ፥ ወዳጆቹ የተሰወረ ኃጢአት ሲፈልጉበት ሰነበቱ፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በወዳጆቹ ላይ ነው። ያበጠ እግር አይቶ በልቡ የሚፈርድ ሰው ከማን ወገን እንደ ቆመ ራሱን ይመርምር።

እንግዲህ ምክንያቱ ምንድር ነው? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ ይህን ደዌ መርምሮ ከምንረግጠው አፈር እንደሚመጣ አስረዳ። ስሙንም በግሪክ ቋንቋ እግርንና ትቢያን ከሚያመለክቱ ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈርሶ በሆነው፥ ዝናምም በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ባለው ቀይ አፈር ውስጥ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ በባዶ እግር ቆዳ ይገቡና የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላሉ፥ ይደፍናሉም። ቡናችንን የሚያበቅል ቀይ መሬት ባዶ እግርንም የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ።

ዘር የሚቆጥሩት ግን፥ እኛስ ደዌው በአንድ ቤት ሲመላለስ አይተን የለምን ይሉናል። አይታችኋል። በ2012 በወላይታ ሕዝብ መካከል የተደረገው ምርመራ፥ አንዳንድ ሰው ይህ አፈር ፈጥኖ የሚጎዳውን ሰውነት ከወላጆቹ እንደሚወርስ ገልጧል። የሚወረሰው ግን ደዌው አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ልጅ አይታመምም። ደዌውም በመቀመጥ፥ አብሮ በመብላት፥ በመጋባትም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ እጮኝነት ከሚፈርስ ይልቅ ለሙሽሪትና ለሚወለዱት ልጆች ጫማ ቢገዛ ይሻላል። በአልጄሪያና በሞሮኮም ይህ ደዌ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግን በለመደ ጊዜ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእግር ደዌ ሁሉ ዝሆኔ አይደለም። በቆላ አገር በትንኝ የሚመጣ ሌላ እብጠት አለ። በቆዳው ላይ የደነዘዘ፥ መርፌ ቢወጉት የማይሰማ ምልክት ያለበት ሰውም የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለዚያ በ6 ወይም በ12 ወር ኪኒን የሚፈወስበት መድኃኒት አለ።

የዝሆኔ ሕክምና ግን ቀላል ስለ ሆነ ይናቃል። ንዕማን የሶርያ ሠራዊት አለቃ ታላቅ ነገር ይደረግልኛል ብሎ መጣ፤ ነቢዩ ሄደህ ታጠብ ባለው ጊዜ ግን ተቈጣ። የእኛም ሰው ለቃልቻ በግ ይነዳል፥ እግሩን በምላጭ ያስበጣል፥ በፍምም ያስተኩሳል፤ ውሃና ሳሙና ሲሉት ግን ይህ ብቻ ነውን ይላል። አዎን፥ ይህ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ነው። እግሩን ሐኪም በነገረው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውሃ ይዘፍዝፍ፤ በሳሙና ይጠብ፤ በጣቶቹም መካከል ሳይቀር ያድርቅ፤ ቅባት ይቀባ፤ ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያድርግ፤ የካልሲና የጫማ ነገርም አይቅር። ያበጠው ገና ለስላሳ ሳለ የጀመረ ሰው እግሩ ሲቀንስ ያያል። ለቆየበትም ቢሆን፥ በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2018 የታተመው ጥናት እንዲህ የሚታጠቡት በትኩሳት የሚወድቁበት ጊዜ እንዳነሰ አሳይቷል። እብጠቱ ሁሉ ይጠፋል ብዬ አላታልላችሁም።

እስላም ጎረቤቶቻችን ለሶላት ሲቆሙ አስቀድመው እግራቸውን ይታጠባሉ። እኛም ጌታው ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ሕዝብ ነን። ጎንበስ ብሎ ራሱን ማጠብ ለማይችል ሽማግሌ ውሃ የሚያቀርብለት ከጉባኤው መካከል ሊታጣ አይገባም፤ ሳሙናም ከመባው ይገዛ።

ጫማን በሚመለከት ደግሞ በአገራችን አንድ ልማድ አይቻለሁ። ሰው ጫማውን ለገበያና ለእሑድ ያኖራል፤ ወደ እርሻ ሲወርድ አውልቆ ከጣራው ሥር ይሰቅለዋል፥ ልጆቹም ባዶ እግራቸውን ይከተሉታል። አንድ ጫማ ብቻ ያለው ሰው ወደ ጸሎት ቤት ባዶ እግሩን ቢመጣ እንቀበለዋለን፤ ሲቆፍር ግን ያድርገው። እርሱም እግርን ሁሉ የሚሸፍን ይሁን፤ በረባሶ አፈሩን ያስገባል።