የሚጠሩን በማን ስም ነው?

አያቴ ያረፈች ዕለት ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ። ሰባት ልጆቿ እርስ በርስ ተያዩ። አገር የሚጠራትን ስም ማን ያጣዋል? በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላትን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ወደ ንስሐ አባቷ ተላከ። እስኪመለስ አስከሬኗን ከበን ቆምን። በዚያ ቀን የሰማሁትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ያን ቀን ከዓመታት በኋላ የመለሰብኝ ሥራዬ ነው። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ አንድን ፈንክሽን «ስታቲክ» ካላችሁት ስሙ ከዚያ ፋይል ደጃፍ አይወጣም። አሥር ፋይሎች እያንዳንዳቸው «ክሊንአፕ» የሚባል የየራሳቸው ፈንክሽን ቢኖራቸው ጠብ የለም፤ በየሠፈሩ አንድ አበበ እንደሚኖር ማለት ነው። ጉዳዩ የሚለወጠው ሊንክ ታይም ኦፕቲማይዜሽን፣ በአጭሩ ኤልቲኦ፣ ሲበራ ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ይህን ችሎታ ያገኘው በፈረንጆች 2010 ነው። ኮምፓይለሩ በየፋይሉ የታጠረውን ሁሉ በአንድ ዓይን አይቶ ፕሮግራሙን እንደገና ይከፋፍለዋል። ታዲያ አንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ እዚያ ሆኖም የድሮ ጎረቤቱን መጥራት አለበት። የሠፈሩ ስም የአደባባይ ስም ይሆናል፤ ከሞክሼው እንዳይጋጭም ቅጥያ ይደረግለታል። ጂሲሲ «ኤልቲኦ ፕሪቭ» የሚል ቃልና ቁጥር ይቀጥላል። ሌላው የኮምፓይለር ማዕቀፍ ኤልኤልቪኤም ደግሞ ቲንኤልቲኦ በሚባለው መንገዱ ፈንክሽኑ ከመጣበት ሞጁል የተሰላ መለያ፣ ሀሽ፣ ያስከትላል። አንዳንዱ ፈንክሽን በጠሪው ውስጥ ይቀልጣል፤ ሥራው አለ፣ ስሙ የለም።

አንድ ሌሊት የወደቀ ፕሮግራም ሪፖርት ደረሰኝ። የጥሪዎቹን ሰንሰለት በሚያሳየው ስታክ ትሬስ ላይ የቆመው ስም «ክሊንአፕ» ነው፤ ከኋላው ኤልቲኦ ፕሪቭ 3። ቁጥሩ ሞክሼዎች እንዳሉት ነገረኝ እንጂ የየትኛው ፋይል ልጅ እንደሆነ አልነገረኝም። ስሙን ወደ ፋይሉ የሚመልሰው የዲበግ መረጃ ከፕሮግራሙ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ለብቻው የተቀመጠው ቅጂ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ተኝቷል። እስኪነጋ ስጠብቅ አስከሬኗን ከበን የቆምንበት ሰዓት መጣብኝ። የንስሐ አባቷ ባይኖሩስ ኖሮ?

ስም የማን ነው፤ የተጠሪው ወይስ የጠሪው? በናቡከደነፆር ቤት የጃንደረቦቹ አለቃ አናንያን ሲድራቅ፣ ሚሳኤልን ሚሳቅ፣ አዛርያን አብደናጎ አላቸው። ባቢሎን ቅጥያ አልጨመረችም፤ የአምላካቸውን ስም ያዘለውን ስማቸውን ፍቃ የራሷን ጻፈች። እኛ ግን ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅን ስናስብ አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል እንላለን። በመጨመርና በመፋቅ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የእምነት ጉዳይ ነው። ቅጥያ ያስፈለገው ብዙዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ስለተሰበሰቡ ነው፤ የመነሻ ስሙን ሳይነካ የሚቀጥል ሰው ከየት እንደመጣችሁ መጠየቅን አልተወም። ለዚህም ሞጁሉን የሚያመለክተውን ሀሽ ከባዶው ቁጥር አስበልጣለሁ፤ ለዓይን ባያምርም መነሻን ይዟል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የማይደገም ቁጥር ካለ ስም ምን ያደርጋል ይለኛል። ለማሽኑ ልክ ነው። ነገር ግን በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ድል ለነሣው ስለሚሰጠው ነጭ ድንጋይ አንብቡ፤ በላዩ የተጻፈውን አዲስ ስም የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው። ከዚህ የጠበበ ስም የለም። ወጣት ሳለሁ ሌላ ሰው የማይጠራው ስም ከንቱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጥበቱ ራሱ ክብሩ እንደሆነ አምናለሁ፤ ሊጠራው የሚገባው ብቻ ይጠራዋልና። የአያቴም ስም በገበያና በዕድር አልተጠራም፤ የተሰጣት ለመሠዊያው ነበር። ጥፋቱ የስሙ መሰወር አይደለም። ጥፋቱ የኛ ነው፣ አለመጠየቃችን።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የዲበግ ፋይሉን ሳላስቀምጥ ፕሮግራም አላወጣም። የእናቴንም የክርስትና ስም ጠይቄ በጸሎት መጽሐፌ የውስጥ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። የእናታችሁን የማታውቁ፣ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቋት።