ጠላት የሌለበት ግልቢያ

መጋቢት 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊቨርፑል አጠገብ ባለው የኤንትሪ ሜዳ፣ ፉልክ ዎልዊን ሬይኖልድስታውን በሚባል ፈረስ ግራንድ ናሽናል የተባለውን የመሰናክል ፈረስ ግልቢያ አሸነፈ። ዎልዊን በእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር በመኮንንነት ያገለገለ፣ ገንዘብ ሳይከፈለው የሚጋልብ አማተር ነበር። ግልቢያው በዚያን ጊዜ ከ7 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር፤ 30 ጊዜ አጥርና ቦይ ይዘለልበታል። የእኛው ለሜቻ ግርማ የሚሮጠው የ3,000 ሜትር መሰናክልም ከነውኃው የዚህ ዓይነቱ ውድድር ልጅ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ መጋቢት 22፣ ከዋግ ከተማ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ማይጨው ላይ የወገን ጦር ከጣሊያን መድፍና አውሮፕላን ጋር ተናንቆ ተፈታ። እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ ልለያያቸው አልቻልኩም። አንዱ ሰው አንገቱን ለአደጋ የሰጠው ወዶ፣ ደስ ብሎት ነው። የዋግና የላስታ ሰው ግን ወራሪ ደጁ ስለደረሰ ነው።

እንደ ዎልዊን ካሉ መኮንኖች ግልቢያ የሚደንቀኝ፣ ፈረስ ማዕረግ አለማወቁ ነው። መቶ ሰው በአንድ ቃል የሚያሰልፍ ሻምበል አጥሩ ፊት ሲደርስ ትእዛዙ ያልቃል። ልጓሙን ካጠበቀ ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ መዝለል ያቅተዋል፤ ካመነታም ፍርሃቱ ወደ ፈረሱ ይጋባል። ማዘዝ የለመደ ሰው እዚያ ላይ ማመንን ይማራል። በ1927 ዓ.ም. በዚያው ፈረስ ያሸነፈው የዎልዊን የጦር ባልንጀራ ፍራንክ ፈርሎንግ፣ በዓመቱ ክብደቱ ስለጨመረ ኮርቻውን ለጓደኛው ለቀቀለት። ፈረሱ ደግሞ የፈርሎንግ አባት ንብረት ነበር። ይህ መልቀቅ ለእኔ ከሁለቱም ድል ይበልጥብኛል። ፈርሎንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ሲያገለግል ሞተ።

የዚህ ግልቢያ መንፈስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለጦርና ለክብር ነበር፤ መኳንንቱ በቅሎ ተቀምጠው ፈረሳቸውን ከኋላ ያስስቡ ነበር። ጀግናም በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ጉግስ አለ። በበዓል ሜዳ ላይ ፈረሰኛው ሁለት ወገን ይሆናል፤ አንዱ ሽምጥ እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ የሚሸሸው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ሲመሽ መቺና ተመቺ ከአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ድፍረት ጠላት ሳያስፈልገው የሚታይበት ቦታ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሌለው አገር ወጣቱን የሚፈትነው በጦር ሜዳ ብቻ ይሆናል።

ዋግ ለጨዋታ የሚተርፍ ዘመን እምብዛም አላገኘም። የዋግ ገዥ የነበረው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባለው በካሣ ምርጫ ተሸንፎ ተማረከ። ዋግሹም ጓንጉል ዓድዋ ዘመተ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከማይጨው በኋላም መሣሪያውን አላስቀመጠም፤ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ጣሊያን ገድሎት ራሱን ቆርጦ ለማስፈራሪያ አሳየው። ከዚህ ደጋ ስንት ጎበዝ ጋላቢ ግልቢያውን ሳይጠግብ ለጦርነት እንደሄደ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከላስታና ከዋግ እንደመጡ የሚነገርላቸው የአዊ ሰባት ቤት አገዎች በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞች ማኅበር መሠረቱ፤ ገና ጣሊያን አገሩን ሳይለቅ! ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ጉግስ፣ ሽርጥና ስግሪያ በሚባሉ የፈረስ ጨዋታዎች ይወዳደራሉ፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችም እንደ አርበኛ ይዘክራሉ። ከሰቆጣ የተነሡ ፈረሰኞች በአዊዋ እንጅባራ ሜዳ ላይ ከእነዚህ ወንድሞቻቸው ጋር ወገን ለይተው ጉግስ ሲገጥሙ ማየት እመኛለሁ።