ብርሃናችሁ በውኃው ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የዓለም ብርሃን ብሎ ሲጠራን፣ ሰው አይቶት አባታችንን እንዲያመሰግንበት የፈለገው መልካም ሥራችንን ነው። ነጠላችንን አላለም።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱ የምንኖር ክርስቲያኖች ይህን ከሌላው ይልቅ ልናስብበት ይገባል። ጎረቤታችን ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው፤ ወይም በአባቶቹ ሥርዓት ዋቃን የሚለምን ቦረና ወይም ጉጂ ነው። ቅዳሴያችንን በድምፅ ማጉያ ይሰማው ይሆናል፤ ግእዙን ግን ከየት ያውቀዋል? (እኛስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን!) እሱ የሚያነበው እኛኑ ነው፤ በሱቃችን ሚዛን፣ በቢሯችን ጠረጴዛ፣ በቧንቧው ሰልፍ ላይ።

ውኃን ካነሣን ዘንድ ከተማችን ታሪክ አላት። በጥር 1966 ዓ.ም እዚሁ ነገሌ የሰፈሩት ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የማይበላ ነበር፤ የውኃ መሳቢያቸው ሲበላሽም ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ሲተረክ ከዚህች ጉድጓድ የሚጀምሩት ብዙዎች ናቸው። ፖለቲካውን የታሪክ ሰዎች ይጻፉት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ጉድጓዱን ከከለከሉት መካከል አንድም ጾመኛ አልነበረም ወይ?

በአራተኛው እሑድ በመፃጉዕ የምንሰማውም ይኸው ነው። 38 ዓመት የታመመው ሰው ውኃው አጠገቡ ነበር። ያጣው ሰው ነው። ዙሪያውን ሁሉ ቀድሞ ለመግባት ሲሻማ እሱን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት አለቀ። ከብቱን አጥቶ ወደ ከተማ የገባውን አባወራ አይተነዋል። ይህ ሰው በአባ ሄሬጋ እየተመራ የቱላን ጉድጓድ በተራ ሲያጠጣ የኖረ፣ ውኃ በሕግ የሚካፈል ሕዝብ ልጅ ነው። ታዲያ በዚያ ክፉ ቀን በጀሪካን ላይ ዋጋ የቆለለበት ነጋዴ ክርስቲያን ከሆነ፣ በሁዳዴ ሥጋና ወተት አለመቅመሱ ለዚህ አባወራ ምን ይነግረዋል? ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን ከብርሃን ጋር ያገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ እንጀራውን ለተራበ ለሚያካፍል ጾመኛ ብርሃን በጨለማ ውስጥ ይወጣለታል ይለናል። ያለዚያ አንገት መድፋት ብቻውን ጾም እንዳልሆነም እዚያው ይናገራል።

«እኔ ሰባኪ አይደለሁ፣ ምን ላድርግ?» የምትሉ አላችሁ። የተዋችሁትን ምሳ ዋጋ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሚዛናችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ። በርሜላችሁ ሞልቶ ካደረ፣ ጠዋት ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ሰልፍ ላይ የቆመችውን እናት ጥሯትና ቅዱላት፤ ስሟን ጠይቋት እንጂ ሃይማኖቷን አትጠይቋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።