በሣር ውስጥ የምትሮጠው ወፍ

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ላጫውታችሁ። ነጌሌ ቦረና አጠገብ ሊበን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ የምትኖረውን ወፍ ተመራማሪዎች «ሊበን ላርክ» ይሏታል። ድንቢጥ ታክላለች፤ ጀርባዋ የደረቀ ሣር ይመስላል፣ ጅራቷ አጭርና ቀጭን ነው፣ የኋላ ጥፍሯ ደግሞ ረጅም። ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ ሣሩ ውስጥ ሮጣ መሰወር ትመርጣለች። ጎጆዋም መሬት ላይ ነው። ወንዱ ግን ሲያዜም ከሣሩ ተነሥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው እንደሚያጠሩት፣ ሁሉም ሶላቱንና ተስቢሑን እንደሚያውቅ ነግሮናል። እንግዲህ ያ ዜማ ለኛ ዜማ ብቻ ነው፤ አላህ ዘንድ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ይቺ ወፍ ሣር ከሌለ የለችም። ሜዳውን ቁጥቋጦ ወረረው፣ ከብት በዛበት፣ ከፊሉም ታረሰ። ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተደረጉ ቆጠራዎች ቁጥሯ በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከሊበን ውጪ የሚታወቁት ዘመዶቿ ጅግጅጋ አካባቢ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

«ታዲያ አርብቶ አደሩ ከብቱን የት ይውሰድ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለወፍ ብሎ ድሃን የሚያስርብ ዲን የለንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለፈረሶች ግጦሽ ከልለው ነበር። ይህ «ሒማ» ይባላል። ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው ሁነይ የሚባል ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙ ምን አዘዙት መሰላችሁ? የተበዳይን ዱዓ ፍራ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ከልክል አሉት። ልብ በሉ፣ የከለከሉት ታላላቆቹን ሶሓባዎች ነው! ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። የሀብታሞቹ ከብት ቢያልቅ የተምር አትክልትና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ መቆሙ ነው።

ቦረናዎችና ጉጂዎችም «ካሎ» የሚሉት አላቸው። ሣሩ እንዲያድግ ታጥሮ ይቆይና በደረቅ ወቅት ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ይከፈታል። በቅርብ ዓመታት የሊበን ነዋሪዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ጋር ሆነው ቁጥቋጦ መንጥረው ካሎ አጥረዋል። ሣሩ ሲመለስ ጥጃውም ይበላል፣ ወፏም መደበቂያ ታገኛለች። (እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ ግጦሽ አያያዝ ስማር ሒማን ያነሳልኝ አልነበረም፤ መድረሳ ደግሞ ሒማን ስንቀራ ካሎን ያነሳ የለም።)

ነጌሌና ጅግጅጋ አካባቢ ያላችሁ፣ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ካሎ ተነጋገሩ። ሲከፈት የማን ጥጃ ቀድሞ እንደሚገባም ጭምር።