ሥጋችንን የማይበላ ጎረቤት

ለሥራ ወደ ላሊበላ የመጣ ሙስሊም ጓዙን ሳያራግፍ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ አቡ ዘርን መክረዋል። ታዲያ ጎረቤቴ እኔ ያረድኩትን የማይበላ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ቅቤና ወተት የማይቀምስ ክርስቲያን ከሆነ ሐቁ ይቀራልን?

አንዳንድ ወንድሞች «ሥጋችንን ካልበላ ሰላምታ ይበቃዋል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰሓባው ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ሐቁ ከጉርብትናው እንጂ ከሃይማኖት አንድነት የመጣ አይደለም።

ስለዚህ እኛ ቤት ለጎረቤት በዘይት የተለወሰ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፤ የላስታ ገብስ ተቆልቶ ይላካል። በጾም ቀን ቅቤ የገባበትን መላክ ስጦታ ሳይሆን ፈተና ነው፤ ተቀባዩ ወይ ጾሙን ይሽራል፣ ወይ ስጦታውን መልሶ ያፍራል። እነርሱም ጠላውን ትተው ንፍሮ ይልኩልናል። ሳህናችን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

ውድ አንባብያን! የጎረቤትን ጾም ማወቅ ከዲናችን ምን ይቀንሳል? እኛ ሐላላችን እንዲጠበቅልን እንሻ የለምን? የስጦታ ሚዛኑ የሰጪው ድግስ ሳይሆን የተቀባዩ ጉርሻ ነው። ወላሁ አዕለም።